ስንዱ ማስፈራሪያ አይደለችም

በምንኖርባት የእስራኤል ከተማ በቂርያት ጋት፣ አዲስ የተሠራው የካርሜ ጋት ሰፈር ሕንፃዎች ሊፍታቸው እንኳ ገና አዲስ ቀለም ቀለም ይላል። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን የልጄ አማት ቤት ወጥቼ በሩ ሲከፈትልኝ ግን ሌላ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሮዝ ቅባት ነው፤ የሚያሳክክ ገላ የሚቀቡት፣ ጠርሙሱን ካልናጡት ዱቄቱ ከታች ዘቅጦ የሚቀረው፣ ሲደርቅ እንደ ኖራ የሚሰነጣጠቀው። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ቤቱን የማተራምስ ሴት ነኝ። ያንን ሽታ ግን አልረሳሁትም። እግሬ ደፍ ላይ ቀጥ አለ።

«ይግቡ እንጂ እማማ ትርንጎ! ምን ደጅ ያቆምዎታል?» አለችኝ ብርቱካን። ብርቱካን የትንሹ ልጄ ሚስት ናት። ቤተሰቦቿ ወደ እስራኤል ለመግባት ጎንደር ከተማ ተራ ሲጠብቁ ኖረው፣ በክርስትና ያደጉ ሆነው ወደ አያቶቻቸው የአይሁድ ሃይማኖት ተመልሰው የመጡ ናቸው። በሱዳን በእግራችን የመጣነው አንዳንዶቻችን ቀድመን በመድረሳችን ልንኮራባቸው ይቃጣናል። እኔ ምራቴን ስወድ ማን ቀድሞ ገባ የሚል ሒሳብ አላውቅም። ብርቱካን ሶፋው ላይ ተቀምጣ የእህቷን ትንሽ ልጅ ጭኗ ላይ አስተኝታለች። ልጅቷ ሽፍታ ወጥቶባት ፊቷም ደረቷም በዚያ ቅባት ተለቅልቋል። ሊጠይቋት የመጡት ሴቶች ሳሎኑን ሞልተው «እግዜር ይማርሽ» ይላሉ። ከኋላዬ ልጄ ስንዱ ፍራፍሬ የያዘ ፌስታል አንጠልጥላ ቆማለች። እኔ ደፉ ላይ እንደቆምኩ ነኝ፤ ልቤ ግን ስንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል።

ዓመቱን አትጠይቁኝ። ገንዘባችን ሸቀል ስሙን የቀየረበት ሰሞን ነው። ያኔ ካርሜ ጋት የሚባል ሰፈር የለም፤ እርሻ ነው። ቂርያት ጋት ራሷ ከስኳር ፋብሪካው እስከ ገበያው ድረስ በእግር ተሄዳ የምታልቅ ከተማ ነበረች። ከበረሃ የተረፍነው ሰዎች መርካዝ ክሊታ በሚሉት የአዲስ መጤዎች ማረፊያ፣ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» በምንልበት ስስ ግድግዳ ውስጥ ተደርድረን እንኖር ነበር። ባሌ አበጀ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በመጀመሪያ ደሞዙ ምን ቢገዛ ጥሩ ነው? ካሴት ማጫወቻ! የረባ ድስት የለንም፤ እሱ ማጫወቻውን ታቅፎ እየሳቀ ገባ። ካርቱም ላይ የተቀዳች አንዲት የማሲንቆ ካሴት ነበረችን። ክሯ ሲላላ በእርሳስ እየጠመጠምን፣ ዘፋኙ የሰከረ እስኪመስል ድረስ ሰማናት። የሰጡን ካፖርት ትከሻው ላይ ስፖንጅ የተሰፋበት ስለነበር ሴቱ ሁሉ እንደ ወታደር ትከሻውን ነፍቶ ነበር የሚሄደው። ገበያው ሊዘጋ ሲል አንድ ሸቀል ከሰጠሽ ዘንቢል ሙሉ ብርቱካን ይገለብጡልሻል። አውቶቡስ መናኸሪያው ጥግ ላይ የተጠበሰ የዱባ ፍሬ የሚሸጡ አንድ የሞሮኮ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው አማርኛ አያውቁ፣ እኛ ዕብራይስጥ አናውቅ፤ በእጅ እየተነጋገርን እንሣሣቅ ነበር። ዛሬ እዚያ ጥግ ላይ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ሻጩም ቀና ብሎ አያይሽም።

ከአገራችን ልብስ ባናመጣም ልማድ አምጥተን ነበር። የታመመ ይጠየቃል፤ ያልጠየቀች ሴት ሥጋዋ ሲታኘክ ይከርማል። ፅንስ ደግሞ አይወራም። ሆድ ገፍቶ ራሱ እስኪናገር ድረስ አፍ አይናገረውም፤ ዓይን ይበላዋል፣ ክፉ መንፈስ ይሰማዋል ይባላል። ሁለቱም ለየራሳቸው መልካም ልማድ ናቸው። አንድ ቀን አንድ ቤት ሲገናኙ ምን እንደሚሠሩ ግን ማን ያውቃል? የጎረቤታችን የአዛነች ልጅ ሽፍታ ወጣባት። ትኩሳቷ እንኳ የረባ አልነበረም፤ እየተጫወተች ነው የታመመችው። ሄድኩና ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት፤ ከክሊኒክ የሰጧቸውን ያን ሮዝ ቅባት በመዳፌ እያሸሁ ቀባኋት። ስንዱን ፀንሻለሁ። ይህንን የማውቀው እኔና ፈጣሪዬ ብቻ ነን፤ አበጀ እንኳ አያውቅም። አዛነች ብታውቅ ኖሮ ምን ትለኝ ነበር? መፀነሴን ብታውቅ እንኳ ስለ በሽታው የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ በሽታውን የሚያውቁት ነርሶችም መፀነሴን አያውቁም።

ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ከጆሮዬ ኋላ ዕጢ አበጠ፤ ጣቶቼን መገጣጠሚያቸው ላይ ቆረጠመኝ፤ ገላዬን ሽፍታ ወረረው። በጥቁር ገላ ላይ ሽፍታ እንደ ነጮቹ ቀልቶ አይታይም፤ እጅሽን ስታሳልፊበት ነው እንደ ሰሞሊና የሚሻክርሽ። የመርካዙ ሳሙና ነው አልን። ሳሙናውን ቀየርኩ፤ በሦስተኛው ቀን ሽፍታው ጠፋ፤ ሳሙናውም ጥፋተኛ ሆኖ ቀረ።

ስንዱ ተወለደች። ቀጭን ነች፤ ግን ውብ ነች። ግራ ዓይኗ ላይ የወተት ጠብታ የመሰለ ነጭ ነገር አለ። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ሲወለዱ መዘጋት የነበረበት የልቧ ቧንቧ አልተዘጋም አለ። ጆሮዋን ግን ያወቅሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን የድስት ክዳን ከእጄ አምልጦ ከኋላዋ ሲንኳኳ ጎረቤት ሁሉ ብርግግ አለ፤ እሷ ጣቷን መጥባቷን ቀጠለች። ክዳኑን አንስቼ ደግሜ ጣልኩት። ከዚያ በኋላ ከወለሉ ላይ መነሣት አቃተኝ። ሆስፒታል ስንሄድ አንዲት ፀጉረ ነጭ ሐኪም በአስተርጓሚ ጠየቀችኝ፤ «በእርግዝናሽ መጀመሪያ ላይ ሽፍታ ወጥቶብሽ ነበር?» ነገርኳት። ያን ጊዜ ነው ስሙን የሰማሁት። በዕብራይስጥ አደመት ይሉታል፤ ሩቤላ ነው፤ አንዳንዱ የጀርመን ኩፍኝ የሚለው። ለያዘው ሰው እንደ ጉንፋን ቀላል ነው። ፅንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲያገኘው ግን ጆሮ ገና እየተሠራ፣ ዓይን ገና እየተሠራ፣ ልብ ገና እየተሠራ ሳለ ይደርስባቸዋል። አንዳንዱም ፅንስ ጨርሶ ይወርዳል። «ያንቺ ልጅ ይዛ ቆየች፤ ብርቱ ነች» አለችኝ ሐኪሟ። ይህንን ቃሏን እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ።

የሐኪሟን ቃል ለመንደሩ ብነግር ማን ይሰማኛል? አንዳንዱ ቡዳ ነው አለ። አንዳንዱ በሱዳን መንገድ ላይ ሰንበት ሽራ ሄዳ ነው አለ፤ ሁላችንም ሰንበት ሽረን እንዳልሄድን ሁሉ! የከፋው ግን የመርገም ጎጆ ነገር ነው። አገር ቤት ሴት ወሯ ሲመጣ ከቤት ወጥታ ለብቻ የምትቀመጥበት ጎጆ ነበረን፤ ስትወልድም እንዲሁ ከሰው ተለይታ ነው የምትሰነብተው። መርካዙ ውስጥ ታዲያ ጎጆ ከየት ይምጣ? ጎጆ አጥተን ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠን የበረደንን ብርድ ቆጥሮልን የሚያውቅ የለም። «ሥርዓቱን ጥላ ነው ልጇ ደንቆሮ የሆነችው» አሉኝ አንዲት ትልቅ ሴት፣ ፊት ለፊቴ፣ ስንዱ ጡቴን እየጠባች። ያን ቀን ትልቅ ሰው ናቸው ብዬ ዝም አልኩ፤ ቤቴ ገብቼም አለቀስኩ። ዛሬ እኔም ትልቅ ሰው ሆኛለሁና መልሴን ልስጥ፤ ጥፋተኛ አይደለሁም። የታመመ ጠየቅሁ። የታመመ መጠየቅ ኃጢአት ከሆነ ጽድቁ የቱ ነው? ክትባት ለነበረው በሽታ ክትባት ያላገኘሁት እኔ ጎጆ ስላልገባሁ አይደለም። ማንም መጥቶ ይህንን ሸክም ጀርባዬ ላይ ቢያኖር አራግፌ እመልስለታለሁ።

እንግዳ ሲመጣ ደግሞ «ልጅቷን ጓዳ አስገቢያት» ይሉኝ ነበር። ለእኔ ያዘኑልኝ መስሏቸው ነው። እኔ ምን አደረግሁ? ዓይኗን ቀዶ ጥገና ከተደረገች በኋላ ያደረጉላትን እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ መነጽር በላስቲክ ጭንቅላቷ ላይ አሰርኩላት፤ ቀይ ሪባን ደረብኩበት፤ በገበያ ቀን፣ ሰው በሞላበት ሰዓት፣ መሐል መንገዱን ይዤያት ወረድኩ። የሚያየን ይየን! መናኸሪያው ጥግ ስንደርስ እኚያ የዱባ ፍሬ ሻጭ አንድ እፍኝ ሰጧትና በእጃቸው አንድ ነገር አሏት፤ እሷም በእጇ መለሰችላቸው። እኔ ምን እንደተባባሉ አልገባኝም። ከዚያ ቀን በፊት ልጄ ከባዕድ ሰው ጋር ስታወራ አይቼ አላውቅም ነበር። የምልክት ቋንቋ መማር የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነው። ጎንደሬ እጅ ለቁጣ እንጂ ለቋንቋ የተሠራ አይደለም እያለ አበጀ ቢቀልድብኝም ከእኔ ቀድሞ የለመደው እሱ ነው።

ዛሬ ስንዱ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ የሥራ ፈረቃዋን የምትመራው እሷ ናት። የማሽኑ ጩኸት ሌላውን ሰው ጆሮውን አስደፍኖ ያንጫጫዋል። እሷ «እኔን ምንም አይረብሸኝም» እያለች በእጇ ትቀልድባቸዋለች። ከሩሲያ የመጣ፣ እንደ እሷው መስማት የተሳነው ባል አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ልጆቿ ይሰማሉ፤ የሚባሉትን ግን አይሰሙም። ከልብ ቀዶ ጥገናው ደረቷ ላይ የቀረው ጠባሳ በጋ ሲሆን ከልብሷ አንገት በላይ ብቅ ይላል፤ ሸፍናው አታውቅም። ቀላል ነበር አልልም። ለቀዶ ጥገና ስትገባ ኮሪደሩ ላይ የጠበቅሁት ጥበቃ ከሱዳን መንገድ በልጦብኛል። ትምህርት ቤት መሳቂያ ያደረጓት ቀን በድንጋይ ልፈነክታቸው ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ በሽታው ክፉ ነው፤ ልጄ ደግሞ ልጄ ናት።

እንግዲህ ይህንን ሁሉ ይዤ ነው የወይዘሮ አለምነሽ ደፍ ላይ የቆምኩት። ወይዘሮ አለምነሽ የብርቱካን እናት ናቸው። ብርቱካንና ልጄ ከተጋቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም።

«ብርቱካን» አልኩ፣ ድምፄን ሳልቀንስ፣ «ልጅቷን ለእናቷ ስጫትና ወደዚህ ነይ።»

«ምነው እማማ?»

«ፀንሰሽ እንደሆነ እንዳታቅፊያት።»

ወይዘሮ አለምነሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። «ኧረ ወይዘሮ ትርንጎ! ይኼ በሰው ፊት ይባላል? ልጄ ላይ ያሟርቱባታል እንዴ?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ፅንሱንም የደበቀ እንደዚያው ነው» አልኳቸው። «የዚች ልጅ ሽፍታ ምን እንደሆነ ሐኪም ነግሯችኋል?»

«ሽፍታ ነዋ! ምን ሐኪም ያሻዋል? ደግሞ ብርቱካን ኩፍኝ በልጅነቷ ወጥቶላታል። ያስታመምኳት እኔው ነኝ።»

«ያ ሌላ በሽታ ነው እመቤቴ፤ አንዱ ለሌላው ዘብ አይቆምም። ብርቱካን፣ ክትባትስ ተከትበሻል?»

«ጎንደር እያለን ወግተውኛል» አለች ብርቱካን ቀስ ብላ፣ «የምን እንደሆነ ግን አላውቅም።» ይህንን ስትል ግራ እጇ ሳታውቀው ወደ ሆዷ ሄደ። እኔ አየሁ፤ ሴቶቹ ሁሉ አዩ፤ እናቷም አዩ።

ወይዘሮ አለምነሽ ፊታቸው ተለዋወጠ። ከኋላዬ ወደ ቆመችው ስንዱ በአገጫቸው አመለከቱና «እንደ እሷ እንዳይሆንባት ፈርተው ነዋ!» አሉ። ስንዱ የአማርኛ ከንፈር ብዙም አታነብም፤ የሰው ፊት ግን እንደ ፊደል ነው የምታነበው። ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠችና እኔን አየችኝ።

ያኔ ነው የፈላሁት። «ወይዘሮ አለምነሽ፣ ስንዱ ምን ሆነች? ስንዱ ማስፈራሪያ አይደለችም! እኔ የፈራሁት በሽታውን ነው። ጡት ሳትጥል ደረቷን ያስከፈተባትን፣ ዓይኗን ያስቀደደባትን በሽታ ነው። ልጄን ግን ዛሬም ፈጣሪ መርጠሽ ውሰጂ ቢለኝ እሷኑ እወስዳለሁ። ሁለቱን አይደባልቁብኝ። የልጅ ልጄ ስትመጣ እንደ ስንዱ ብርቱ ትሁን፤ ስንዱ የከፈለችውን ግን አትክፈል። እኔ የምለው ይህንን ነው።»

ብርቱካን ልጅቷን ለእህቷ አቀበለች፤ ተነሣች፤ ሳሎኑን አቋርጣ አጠገቤ መጥታ ቆመች። እናቷን አላየችም። «ነገ ጠዋት ክሊኒክ ይወስዱኛል?» አለችኝ።

ማታ ትንሹ ልጄ፣ የብርቱካን ባል፣ ደወለ። «ኢማ፣ ማ ዜ? ምንድን ነው ይኼ እማዬ? እኔ እንኳ ለማንም ሳልናገር አንቺ በሰው ፊት ታወጪዋለሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። «ጩህ» አልኩት፣ «ጮኸህ ሲወጣልህ ለእህትህ ለስንዱ በምስል ደውልና ፊቷን እያየህ ተቆጣ።» ስልኩን ዘጋ። በማግስቱ ጠዋት ግን ክሊኒኩ በር ላይ ከእኛ ቀድሞ ቆሞ አገኘነው። ነርሷ የእኛው ወገን ልጅ ናት፤ እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛዋ ከእናቷ ጓዳ አልፎ የማይሄድ። የብርቱካንን ደም ቀዳች። ሽፍታ የወጣባትንም ልጅ አምጡልኝ አለች። ውጤቱ እስኪመጣ ወይዘሮ አለምነሽ አላናገሩኝም፤ መንገድ ላይ እንኳ ሲያዩኝ አውቶቡስ የመጣባቸው ይመስል ዞሩ። ያልመጣ አውቶቡስ!

ውጤቱ መጣ። ትንሿ ልጅ ያመማት ሌላ ነገር ነበር፤ ልጆችን የሚይዝ፣ ለፅንስ የማያሰጋ። ብርቱካንን ግን ነርሷ ቁጭ አድርጋ ነገረቻት፤ ለሩቤላ መከላከያ ደሟ ውስጥ የለም። ጎንደር የተወጋችው ምን እንደነበር እግዜር ይወቀው። ያ ሽፍታ ያ በሽታ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሌላ ወሬ ነበር የማወራው። «ታዲያ አሁን ውጊኛ!» አለች ብርቱካን። ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። ይህ ክትባት ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ከመፀነስ በፊት ነበር፤ ተወግተሽም አንድ ወር ትጠብቂ ነበር፤ አሁን ከወለድሽ በኋላ ነው አለቻት። እስከዚያ ቤተሰቧ ሁሉ፣ ትልቁም ትንሹም፣ ያልተከተበ እንዲከተብ፣ እሷም ሽፍታና ትኩሳት ካለበት ሰው እንድትርቅ። ብርቱካን ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሰው ቤት ስሄድ ማን ይነግረኛል?» አለች።

«አንቺ ሳትነግሪያቸው ማን ይነግርሻል?» አለቻት ነርሷ።

ወይዘሮ አለምነሽ አልታረቁኝም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ የምጠይቅበት ነገር የለኝም። ግን የልጅ ልጆቻቸውን ሁሉ ሰብስበው ክሊኒክ ሲወስዱ ከበረንዳዬ አይቻቸዋለሁ። ራሳቸውም ክንዳቸውን ይዘው ተመለሱ።

ወር ያህል ቆይቶ እኛው ሕንፃ ውስጥ የምትኖር አንዲት ሴት እግሯ ተሰብሮ ልንጠይቃት ሄድን። ወይዘሮ አለምነሽ ቀድመው ገብተው ተቀምጠዋል። ቤቱ በልጆች ተሞልቷል፤ ሴቶቹ እንደ ልማዳችን ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተዋል። እኔና ስንዱ ጫማችንን ማውለቅ ጀምረናል። ብርቱካን ግን አልገባችም። ደፉ ላይ፣ እኔ የዚያን ቀን እንደቆምኩት ቆመች። አፍራለች፤ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ፀንሻለሁ» አለች ጮክ ብላ። «ሽፍታ ወይም ትኩሳት ያለበት ልጅ እዚህ ካለ ንገሩኝና ከደጅ ልመለስ።»

አንዲት ሽማግሌ «ኧረ አፍሽን ያዢ ልጄ!» አሉ። ወይዘሮ አለምነሽ ነጠላቸውን እንደገና ወደ አፋቸው ሲወስዱ አየሁ፤ መንገድ ላይ አቆሙትና መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩት። ያኔ ከጥግ፣ ከማቀዝቀዣው አጠገብ፣ ስሟን እንኳ የማላውቃት አንዲት አዲስ ሙሽራ እጇን እንደ ተማሪ አነሣች።

«እኔም» አለች። «እኔም ነኝ። ልጆቹ እንዴት ናቸው?»

ስንዱ ሰዉ ሁሉ ለምን እንደተፋጠጠ አልገባትም። ክንዴን ነካ አድርጋ «ምን ተባለ?» አለችኝ በእጇ። እኔም በጎንደሬ እጄ ነገርኳት። ከት ብላ ሳቀች። የስንዱ ሳቅ ጎልቶ የሚወጣ፣ ፎቅ ወርዶ መንገድ የሚደርስ ሳቅ ነው። በሕይወቴ አንድም ቀን ዝቅ አድርጊው ብያት አላውቅም።